የቱ መርፌ ይሻላል?

 

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ታላቅ እህቴ ያቀረበችልኝ አንድ ጥያቄ ነው። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። በቤተሰባችን ሐኪም ስለሌለ ከራስ ምታት አንስቶ እስከ ስኳርና ደም ግፊት ድረስ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። እህቴ ልጇን ልትጠይቅ ዱባይ ሄዳ ስትመለስ ሁለት ባለ ቀለም ወረቀቶች ይዛ መጣች። አንደኛው ቦቶክስ የሚባለውን፣ ሁለተኛው ፊለር የሚባለውን የፊት መርፌ የሚያስተዋውቁ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ዐረብኛ ነው። ቡና እየተፈላ ሳለ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችልኝና፣ «አንተ ዐረብኛውንም መድኃኒቱንም ታውቃለህ፤ የቱ ይሻለኛል? ሐላሉስ የቱ ነው?» አለችኝ። እህቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የአራት ልጆች እናት ናት። ነገሩን በጋዜጣ እንዳወጣው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እንዳላነሳ ብቻ አስጠንቅቃኛለች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያው መለስኩላት። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ የጥቂት ሀብታሞች ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናለሁ። የዚህ መርፌ ማስታወቂያ ዛሬ ሳንጠራው በስልካችን ይመጣል፤ ሒጃብ የለበሰች እህታችንም ከሌላው እኩል ታየዋለች።

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው። ቦቶክስ ቦቱሊነም ቶክሲን የተባለ መርዝ በጣም ተመጥኖ የሚዘጋጅ መድኃኒት ነው። መርዙን የሚያመነጨው ባክቴሪያ በአግባቡ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ ሲራባ ሰው ይገድላል። በትንሹ ተለክቶ ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ ነርቩ ጡንቻውን የሚያዝበትን ኬሚካል እንዳይለቅ ያግደዋል። ጡንቻው አይኮማተርም፤ ስላልተኮማተረ ከላዩ ያለው ቆዳ አይሸበሸብም። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ሦስት ወይም አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። ስለዚህ የሚጠቅመው ፊት ሲንቀሳቀስ ለሚፈጠር መስመር ነው፦ በቅንድቦች መካከል፣ በግንባርና በዓይን ጠርዝ ላይ ላለው።

ፊለር ግን መሙያ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ነገር በገዛ ቆዳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በዓይናችን ውስጥ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ ያገኙት ከከብት ዓይን ነበር። የሚወጋው የጎደለውን ለመሙላት ነው፤ ለጎደጎደ ጉንጭ፣ ከአፍንጫ ጎን ተነስቶ ወደ ከንፈር ጠርዝ ለሚወርደው ጥልቅ መስመር። እንደየዓይነቱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። ካልተስማማ ሐኪሙ ሌላ መርፌ ወግቶ ሊያሟሟው ይችላል። ቦቶክስን ግን ከጊዜ በቀር የሚመልሰው የለም።

ጉዳታቸውም ይለያያል። ቦቶክስ ቦታውን ከሳተ የዓይን ቆብ ለሳምንታት ሊወርድ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም መርዙ ከተወጋበት ቦታ አልፎ ተሰራጭቶ መዋጥና መተንፈስ ሊያስቸግር እንደሚችል በመድኃኒቱ ማብራሪያ ላይ በጉልህ እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ2009 አዟል። ፊለር በስህተት የደም ቧንቧ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቆዳው ሊሞት ይችላል፤ ቧንቧው ከዓይን ጋር የሚገናኝ ከሆነ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ለደረሰበት ሰው ግን ጥቂት አይደለም። በዚያ ላይ ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው። በሻንጣ ተጠቅልሎ ስለመጣ ብልቃጥ፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለቆየ ብልቃጥ ማን ይመሰክራል? ይህን የምለው እንደ ሙያተኛ ነው፤ ገና ወደ ሃይማኖቱ አልገባሁም።

ይህን ሁሉ ነግሬያት፣ «መስመርሽ በቅንድብሽ መካከል ያለው ከሆነ የመጀመሪያው፣ ከአፍንጫሽ ጎን ያለው ከሆነ ሁለተኛው» አልኳት። ሳቀችና «ሁለቱም ናቸው» አለች። ከዚያ ጥያቄዎቿ ተከታተሉ። ውዱእ ይከለክል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከቆዳ በታች ስለሆነና ውሃ ቆዳውን ከመንካት የሚያግደው ነገር ስለሌለ አይከለክልም አልኳት። ቦቶክስ የተወጋ ሰው ለአራት ሰዓት ያህል እንዳይተኛና እንዳያጎነብስ ሐኪሞች እንደሚመክሩም ነገርኳት። «ሱጁድስ?» አለች ወዲያው። እውነቱን ለመናገር ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ለፊት ማማር ሲባል ዙህር ተሰግዶ ዐስር እስኪደርስ ግንባርን ከመሬት ለማራቅ ሰዓት መቁጠር! ምክሩ እንኳን ጥብቅ ማስረጃ የለውም፤ ነገር ግን አሳቡ ብቻውን አንድ ነገር ነገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙዎቻችን «ሐላል ነው ወይ?» ስንል «ውስጡ ምን አለ?» ማለታችን ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ቦቶክስን ለውበት መወጋት ሐራም ነው ሲል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የተከለከሉ ነገሮች ጥርጣሬ ነበር። ቦቶክስ በሚባለው ብልቃጥ ውስጥ ከሰው ደም የሚወጣ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ይህን አምራቹ ራሱ በማብራሪያው ላይ ይጽፈዋል። ፊለሮችም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የተፈቀደው ከላም ቆዳ የተሠራ ኮላጅን ነበር፤ ላሟ በማን ስም እንደታረደች የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ በአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ የሚወጣ መጣ። ዛሬ የሚበዛው በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረት ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ከሄድን ፊለሩ ቦቶክሱን ይቀድማል፤ እህቴም «እንግዲያው ፊለሩ ይሁን» ብላ ልትነሳ ምንም አልቀራትም ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የዘምዘም ውሃ ቢሆንስ? ጥያቄው ያልቃል? ስለ ሥጋ ስንጠይቅ ማን አረደው እንላለን፤ ስለ ፊት ግን መጠየቅ ያለብን ሌላም ነገር አለ።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ተሰብስቦ ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ውሳኔ አሳልፏል። የፊት መጨማደድን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ ማስወገድ ሁኔታው በሽታ ካልሆነ በቀር እንደማይፈቀድ፣ በሽታ ሲሆንም ጉዳት የማያስከትል መሆን እንዳለበት ወስኗል። ልብ በሉ፣ ውሳኔው የመርፌ ዓይነት አልመረጠም። የለየው በሽታን ከእርጅና ነው። መሠረቱም ግልጽ ነው። በሱረቱ ኒሳእ ኢብሊስ የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ የሰው ልጆችን እንደሚያዝ መዛቱ ተነግሯል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለበሽታ መድኃኒት እንድንፈልግ ሲያዙ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነግረውን፣ አንድ ነገር ብቻ ለይተዋል፤ እርጅናን። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

በሌላ በኩል የዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። በጃሂልያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ አደረገ፤ ሸተተበት። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ ነገሩት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ማለት ነው! የጎደለን ፊት መመለስ እንዲህ ያለ ቦታ አለው።

ይህን ሐዲስ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሥራዬ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ገና ወጣት ነበርኩ፤ በመስኮት በኩል መድኃኒቱን ከሚያድሉት አንዱ ሆንኩ። ከመድኃኒቶቹ መካከል ስታቩዲን የሚባል ነበር። ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ሲቆይ በአንዳንዶቹ ላይ የጉንጭን ስብ ያመነምናል፤ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የፊት አጥንት ይወጣል። ሰውነታቸው አገግሞ ሳለ ሰፈሩ ሕመማቸውን ከፊታቸው ላይ ያነብ ጀመር። አንዲት እናት ነበረች፤ መስኮቱ ጋ ስትደርስ የሻሿን ጫፍ ጉንጯ ላይ ትይዘዋለች፣ ክኒኑን የምትቀበለው በሌላው እጇ ነው። «ቀይረህ ስጠኝ፣ ሰው ሁሉ አወቀብኝ» ትለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የሚያስገርመው፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፊለር ዓይነት መጀመሪያ የተፈቀደው ለዚሁ ነበር፤ በኤች አይ ቪ ምክንያት ለሰረጎደ ፊት። በእኔ መስኮት በኩል ግን እንዲህ ያለ ነገር አላለፈም። ያችን እናት ዛሬ ባገኛትና ብትጠይቀኝ፣ ሐኪሟን አማክራ በቢስሚላህ ትወጋ ነበር የምላት፤ ቅንጣት አላመነታም።

ቦቶክስም ቢሆን አጀማመሩ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደው ለተንሸዋረረ ዓይንና ያለፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነበር። በካናዳ ቫንኩቨር የዓይን ሐኪም የሆነችው ጂን ካሩተርስ የዓይን ቆቧን ስታክማት የነበረች አንዲት ታካሚ ፊቷ ሳይጨነቅ ዘና እንደሚል ነገረቻት። ሐኪሟና የቆዳ ሐኪም የሆነው ባሏ ነገሩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። በ2002 በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር ተፈቀደ። ብልቃጡ ያው ነው፤ የተለወጠው የምንወጋበት ምክንያት ነው።

ሌላ ወገን እንዳለ አልደብቅም። ጊዜያዊ ስለሆነ፣ ከወራት በኋላም ፊቱ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይባልም፤ እንደ ኩልና እንደ ሒና ያለ ጌጥ ነው፤ ጉዳትና ማታለል እስከሌለበት ድረስ ሚስት ለባሏ ብትዋብበት ምንም የለውም የሚሉ የዘመናችን ሊቃውንት አሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ወደዚህ አዘንብዬ ነበር። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ በዑለማዎች መካከል ገብቼም አልፈርድም። የራሴን ልብ ያቆመብኝን ብቻ ልናገር።

ፊት እንደ እጅና እንደ እግር የሚሠራ አካል ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወንድማችን ፊት ፈገግ ማለታችን ሶደቃ እንደሆነ አስተምረውናል። ሱረቱ ዐበሰ ደግሞ የሚጀምረው በአንድ የፊት እንቅስቃሴ ነው። ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) መጥቶ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ መሪዎች ጋር ሲነጋገሩ ቢያቋርጣቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ዓይነ ስውሩ ይህን ሊያይ አይችልም፤ አላህ ግን ስለዚያ ቅጽበት እስከ ቂያማ የሚነበብ ሱራ አወረደ። ፊት ላይ የሚሆነው ነገር እንዲህ ይመዘገባል። ቦቶክስ በመጀመሪያ የሚያሰናክለው ደግሞ ይህንኑ ፊት የምናኮሳትርበትን ጡንቻ ነው። ለልጅ መቆጣታችን፣ ለለቀስተኛ ማዘናችን የሚታይበትን ቦታ ለአራት ወር እናደነዝዘዋለን። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለመርዙ ሲሰጋ እኔ የሰጋሁት ለዝምታው ነው። ፊለሩ እንቅስቃሴውን አይወስድም፤ ሃምሳ ዓመትን አርባ ያስመስላል እንጂ። ሁለቱን እንድመርጥ ብገደድ ፊለሩን እመርጥ ነበር፤ ለእርጅና ግን አንዱንም አልመርጥም።

ይህን ሁሉ ተዘጋጅቼ ለእህቴ ነገርኳት። ስለ ሱረቱ ዐበሰ ስደርስ፣ «ፊት ማኮሳተር የሚያስቀር ከሆነስ መጀመሪያ መወጋት ያለበት ባሌ ነው» አለችና ሳቀች። ሳቋ አልቆየም። ትንሽ ዝም ብላ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «ጢምህን በምንድን ነው የምታጠቁረው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታውቃላችሁ። ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ለውበት ብለው የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ ሴቶች መረገማቸውን ሲናገሩ፣ ኡሙ የዕቁብ የተባለች ከበኑ አሰድ የሆነች ሴት መጥታ ተከራከረቻቸው። ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ይህን አላገኘሁም አለች። መልስ ሲሰጧትም አልተወችም፤ ይህንኑ ነገር የእርስዎም ሚስት የምታደርገው ይመስለኛል አለች። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ሂጂና ተመልከቺ አሏት። ገብታ አየች፤ ምንም አላገኘችም። እሳቸውም ሚስታቸው እንዲያ ብታደርግ ኖሮ አብረው እንደማይኖሩ ተናገሩ። ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ፤ የሰማሁት ግን ሁልጊዜ ሴቶችን ለመገሠጽ ሲነገር ነው። ሴቲቱ ተነስታ የተናጋሪውን ቤት ለማየት መብት እንደነበራት፣ ታላቁ ሰሐቢይም በራቸውን እንደከፈቱላት የነገረኝ የለም። እህቴ የእኔን ቤት አየች። ባዶ አልነበረም።

ጢሜን ማጥቆር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመካ ፈትሕ ቀን የአቡበክርን (ረ.ዐ.) አባት የአቡ ቁሓፋን ነጭ ፀጉር ባዩ ጊዜ እንዲለውጡትና ጥቁሩን ግን እንዲርቁ ማዘዛቸውን አውቃለሁ፤ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ጥቁሩን የፈቀዱ ዑለማዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ለራሴ የያዝኩት የእነሱን አባባል ነው። ለእህቴ ደግሞ ጥብቁን ውሳኔ ከፑትራጃያ ድረስ አመጣሁላት። ይህን ያደረግኩት አስቤ አይደለም። ሳላስበው ማድረጌ ነው ያሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛውን ምክንያት የነገረችኝ። ባሏ ምሳ ላይ ሁሌ የሚደግመው ቀልድ አለው። «ልጆቼን አያታቸው ናት የምታሳድጋቸው» ይላል። እንግዳ ባለበትም ይለዋል፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። እሱ ስድሳ አልፎታል፤ በአናቱ ላይ ፀጉር የለም። ለእሱ መርፌ የሚያስተዋውቅ ወረቀት ከዱባይ ያመጣለት የለም።

እኛ ወንዶች በዚህ ጉዳይ ፈትዋ ስንጠይቅ የምንጠይቀው ሚስቶቻችን ምን እንዳያደርጉ ነው። ወደ መርፌው የገፋቸው ምላሳችን ምን ብይን እንዳለው ግን አንጠይቅም። በሰው አፈጣጠር መሳለቅ ከየትኛው መርፌ ያነሰ ነው? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ፣ በታወቀው ዘገባ መሠረት፣ እሳቸው ሃያ አምስት እሷ አርባ ዓመታቸው ነበር። እስክትሞት ድረስ በላይዋ ሌላ አላገቡም። ካረፈች ከዓመታት በኋላ ስሟን ሲያነሱ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቀንታ የአሮጊት ነገር አሁንም አልወጣልዎት አይነት ንግግር ብትናገር፣ አላህ ከእሷ የተሻለች እንዳልተካላቸው በቁጣ መለሱ። ኸዲጃ ስታረጅ ፊቷ ተጨማዶ ነበር? ዘጋቢዎቹ አልጻፉትም። የጻፉት ማመኗን፣ ገንዘቧን ማውጣቷን፣ በጭንቅ ጊዜ ማጽናናቷን ነው።

ለእህቴ እስካሁን የመጨረሻ ቃል አልሰጠኋትም። ያሰብኩትን ነገርኳት፤ «ሰማሁ፣ አስብበታለሁ» አለች። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ለእኔ የነገርከኝን ለእሱም ንገረው።» ይህ ነው የከበደኝ። የእህቴ ባል ለእኔ እንደ አባት ነው። አባታችን ሲሞት ቤቱ አስቀምጦ ያስተማረኝ፣ የመጀመሪያውን ነጭ ጋውን የገዛልኝ እሱ ነው። በፊቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ሁለቱ ወረቀቶች እኔ ዘንድ ናቸው። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከመስጊዱ በር እስከ መኪናው አብሬው ሄድኩ፤ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አውርተን ተለያየን። ለመጪው ጁምዓ ምሳ ቤቱ እንድበላ ጠርቶኛል። የጥቁር ቀለሙን ብልቃጥ ጣልኩት፤ ሒና በጥብጬ ጢሜን ስቀባ ባለቤቴ ቆማ አየችኝና ምንም አላለችም። ምሳ ላይ ያ ቀልድ ሲመጣ የምለውን እያሰብኩ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ።

ወሏሁ አዕለም።